ቢጫው ድርብ ኬክ መሃሉ አብጦ ሲሰነጠቅ፣ ክሬሙም ሲንሸራተት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለልጄ ልደት ባለ ሁለት ድርብ ቢጫ ኬክ በቸኮሌት ክሬም ጋገርኩ። መሃሉ እንደ ጉብታ አብጦ ተሰነጠቀ፣ ዳሩ ደረቀ። ክሬሙ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ስኳሩን ቤት ነው የፈጨሁት። ሰው እየመጣ ስለነበር ኬኩ ከወጣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀባሁት፣ የላይኛው ድርብ ተንሸራተተ። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት፣ በማግስቱ እንጨት ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስት ጊዜ አሠራር ቀይሬያለሁ። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሠራር መቀያየሩን ተወው። የዘረዘርከው አምስት ችግር ነው፤ እኔ ግን ሳነበው አብዛኛው አንድ ነገር ሆኖ ነው የታየኝ። ሙቀት ነው። የቅቤው ሙቀት፣ የእንቁላሉ ሙቀት፣ የኦቨኑ ሙቀት፣ ክሬም ስትቀባው ኬኩ የነበረው ሙቀት፣ በማግስቱ ስትቆርሰው የነበረው ቅዝቃዜ። ከዚህ ውጪ የሆነው የስኳሩ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱን ክሬሙ ላይ ስንደርስ አነሳዋለሁ።

ከኦቨኑ ልጀምር፣ ጉብታው የሚናገረው ስለ እሱ ስለሆነ። ኬክ የሚበስለው ከዳር ወደ መሃል ነው። ብረቱ ቶሎ ይግላል፣ ብረቱን የነካው ሊጥ ቶሎ ይጠነክራል፣ አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ከፍ ማለት አይችልም። መሃሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው፤ እየተነፋ ይቀጥላል፣ ዳሩ አልለቅ ስላለው ወደ ላይ ብቻ ይገፋል፣ ላዩም ቀድሞ ቅርፊት ይዞ ስለሚጠብቀው ሰንጥቆት ይወጣል። ኦቨኑ በጋለ ቁጥር በዳሩና በመሃሉ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። አንተ መሃሉ እስኪበስል ትጠብቃለህ፣ ዳሩ በዚያ ጊዜ ይደርቃል። ስለዚህ ጉብታውና የደረቀው ዳር አንድ ጥፋት ናቸው፤ መጋገሪያህ ከልክ በላይ ግሏል።

«እኔ 180 ላይ ነው ያደረግኩት» ልትለኝ ትችላለህ። አምንሃለሁ። ግን ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥርና ውስጥ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሥራ በጀመርኩበት ኬክ ቤት የነበረው ኦቨን ቁልፉ 180 ሲል ውስጡ 205 ነበር። ለሳምንታት ዱቄቱ ነው፣ እንቁላሉ ነው እያልን ስንከራከር ከረምን። አንድ ቀን አንዱ የኦቨን ቴርሞሜትር ይዞ መጣና ክርክሩ በዚያው አለቀ። ትንሽ፣ ውስጥ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ለኬክ ከምትገዛው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ግዛ እላለሁ፤ ከሚክሰርም በፊት።

እስክትገዛው ድረስ በስኳር መሞከር ትችላለህ። ተራ ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርገህ፣ 175 ላይ በደንብ በሞቀ ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ አቆየው። ከቀለጠ ኦቨንህ ከሚለው በላይ ይግላል። ከዚያ 195 ላይ ድገመው። ካልቀለጠ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ትክክለኛውን ቁጥር አይነግርህም፣ ግን ወደየት እንደሚያዘነብል ታውቃለህ።

ለዚህ ኬክ እውነተኛ 170 ዲግሪ በቂ ነው። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 150 አካባቢ አድርገው። የኦቨኑ ጠቋሚ መብራት ጠፋ ብለህ ወዲያው አታስገባ፤ አየሩ ሞቀ ማለት እንጂ ግድግዳው ሞቀ ማለት አይደለም። 30 ደቂቃ ስጠው። መጋገሪያውን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አድርግ። ጥቁር መጋገሪያ ሙቀት በጣም ስለሚስብ ዳሩን ያቃጥላል፣ ነጣ ያለ አሉሚኒየም ይሻላል። አንድ ዘዴ ደግሞ ልንገርህ፤ ከአሮጌ የጥጥ ፎጣ ሁለት ረዣዥም ቁራጮች ቀደህ ውኃ ውስጥ ንከርና ጨምቀህ የመጋገሪያዎቹን ዙሪያ ጠምጥምባቸው፣ በመርፌ ቁልፍ ያዛቸው። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ዳሩ ቶሎ አይግልም፣ ኬኩም እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ይወጣል። የጋዝ ኦቨን ከሆነ ጨርቁ ወደ እሳቱ እንዳይንጠለጠል ተጠንቀቅ።

አሁን ወደ ሊጡ። ለሁለት ክብ መጋገሪያ ነው፣ ስፋታቸው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ። የፉርኖ ዱቄት 260 ግራም፣ ኮርን ስታርች 40 ግራም፣ ስኳር 300 ግራም፣ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 170 ግራም፣ ሽታ የሌለው ዘይት 45 ሚሊ ሊትር፣ 3 ሙሉ እንቁላል፣ በተጨማሪ 3 አስኳል፣ ወተት 240 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር 10 ግራም (2 ተኩል የሻይ ማንኪያ)፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ።

በግራም የጻፍኩት በምክንያት ነው። ያንኑ አንድ ኩባያ ዱቄት አናፍሰህ በማንኪያ ስትሞላው 120 ግራም ይሆናል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረህ ጠቅጥቀህ ካወጣኸው 150 እና ከዚያ በላይ ይገባል። በሁለት ተኩል ኩባያ ላይ ልዩነቱ 75 ግራም ነው። ሦስት አሠራር ቀይረህ ሦስቱም ከደረቁብህ፣ ምናልባት ሦስቱም ደህና ነበሩ፤ ኩባያህ ግን ያው ነው። ሚዛን ተጠቀም።

ኮርን ስታርቹ ለምን ገባ? ተራ ዱቄት ፕሮቲኑ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። ለዳቦ ደስ ይላል፣ ለኬክ ግን ይበዛል፣ ሲታሸ ስለሚሳብ። ስታርቹ ፕሮቲኑን ያሳንሰዋል።

አስኳሉ ደግሞ የዚህ ኬክ ነፍስ ነው። ቢጫ የተባለውም በእሱና በቅቤው ነው፤ ነጩን ብቻ ብትጠቀም ነጭ ኬክ ይሆንልሃል። ነጩ ሲበስል ይጠነክራል፣ ያደርቃል። አስኳሉ ከክብደቱ ሩብ በላይ ስብ ነው፣ በዚያ ላይ ሌሲቲን የሚባል ስብና ውኃን የሚያስታርቅ ነገር አለበት። ለስላሳነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አስኳሉ ገርጣ ያለ ቢሆንም አትጨነቅ፣ ዶሮዋ በምትበላው ይወሰናል። ቀለም ግን አትጨምርበት፣ እባክህ።

ዘይቱን ብዙ ሰው አይወደውም፣ «ሙሉ በሙሉ በቅቤ ይሁን» ይላል። ጣዕሙ የቅቤ መሆን አለበት፣ ልክ ነው። ግን ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ያቺ ትንሽ ዘይት ኬኩን በማግስቱም ለስላሳ ታደርገዋለች።

ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥተህ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ አድርሰው። በጣት ስትጫነው ይጎደጉድ፣ ጣትህ ላይ ግን ቅባቱ አያብለጭልጭ። ይሄን ቀላል አድርገህ እንዳታየው። ቅቤና ስኳር አብረው ሲመቱ የስኳሩ ጠርዝ ቅቤው ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይፈጥራል። ቤኪንግ ፓውደር አዲስ አረፋ አይፈጥርም፤ አስቀድመህ ያስገባኸውን አረፋ ነው የሚያሳብጠው። ቅቤው ድንጋይ ከሆነ አየር አይገባም፣ ከቀለጠ ደግሞ የገባው አያድርም። በዚያ ላይ ሚክሰሩ ራሱ በመፈተግ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ቢጀምር ይሻላል እንጂ ሞቅ ብሎ አይጀመርም። መካከለኛ ፍጥነት ላይ 4 ወይም 5 ደቂቃ ምታው፣ ቀለሙ ነጣ እስኪል። በየመሃሉ አቁመህ የሳህኑን ጎን ጥረግ።

እንቁላሉም ከፍሪጅ በቀጥታ አይገባም። ቀዝቃዛ እንቁላል የተመታውን ቅቤ መልሶ ያጠነክረውና ድብልቁ እንደ ተበላሸ ወተት ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ የደከምክበት አየር አብሮ ይሄዳል። ከነቅርፊቱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጠው። ወተቱም ለብ ይበል። እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምር፣ አንዱ ሳይዋሃድ ሌላው አይግባ። አስኳሎቹን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ቫኒላውን አስከትል። ቢቆራረጥብህ አትድፋው፤ ሳህኑን ሙቅ ውኃ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይዘህ ምታው፣ ይመለሳል።

ዱቄቱን፣ ስታርቹን፣ ጨውንና ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ ላይ ንፋ። ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት፦ ዱቄት፣ ወተት፣ ዱቄት፣ ወተት፣ ዱቄት። በዱቄት ጀምረህ በዱቄት ጨርስ። ደረቅ ዱቄት ሲጠፋ ሚክሰሩን አጥፋና የቀረውን በላስቲክ ማማሰያ ከሥር እየገለበጥክ ጨርሰው። እዚህ ላይ ብዙ ከመታኸው ይሳባል፤ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ዋሻ የተሰነጣጠቀ ረጃጅም ቀዳዳ ካየህ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ቤኪንግ ፓውደርህ የቆየ ከሆነ ከእሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስደህ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨምር። ቶሎ አረፋ ካልደፈቀ አይሠራም፣ ጣለው። ለነገሩ ቤኪንግ ፓውደር የተወለደው ከቤት ጉዳይ ነው፤ አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1843 እ.ኤ.አ. የሠራው ሚስቱ እርሾ ስላልተስማማት ነበር። ሌላው ስህተት ማብዛት ነው። «ከፍ እንዲልልኝ» ብለህ ስትጨምር አረፋው ከልክ በላይ ይተልቅና ይፈነዳል፣ ኬኩም መሃሉ ላይ ይወድቃል።

ከፍታ ላይ የምትኖር ከሆነ ይሄ የበለጠ ይመለከትሃል። ከባሕር ወለል 300 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አየሩም ስስ ስለሆነ አረፋው በቀላሉ ይሰፋል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። 2000 ሜትር አካባቢ ከሆንክ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንስ፣ ከስኳሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አንሳ፣ ወተቱ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምር፣ ኦቨኑንም 8 ወይም 10 ዲግሪ ከፍ አድርግ። ከዚያ እያየህ አስተካክል። ከፍታውና ኦቨኑ አንድ ላይ ስለሚሠሩ አንዴ የተሳካልህን ቁጥር ጻፈው።

መጋገሪያዎቹን ቅቤ ቀባና ከሥር የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፍ። ሊጡን በሚዛን እኩል ክፈል። 25 ደቂቃ እስኪሞላ ኦቨኑን አትክፈት። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይደርሳል። መሃሉ ላይ ስቴኪኒ ስትወጋው አንድ ሁለት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ይውጣ፤ ፍጹም ደርቆ እስኪወጣ ከጠበቅክ አልፎበታል። ዳሩም ከብረቱ ገና ሊላቀቅ ሲል ነው መውጣት ያለበት። በመጋገሪያው ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጠህ አየር ከሥሩ በሚያልፍበት ሽቦ ላይ አስቀምጠው።

አሁን መቼ ክሬም እንደሚቀባ። 40 ደቂቃ ጨርሶ አይበቃም። ላዩን ስትነካው ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ግን ገና ሙቅ ነው። የገበታ ቅቤ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ያንተ ድርብ የተንሸራተተው በቀለጠ ቅቤ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጠው። ከተቻለህ ኬኩን ከአንድ ቀን በፊት ጋግረህ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አሳድረው፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ክሬሙን ብቻ ትሠራለህ። የአደረ ኬክ ሲቆረጥም አይፈረፈርም። እኔ ራሴ በዕለቱ የተጋገረ ኬክ መቀባት አልወድም።

ክሬሙ ይኸው፦ የገበታ ቅቤ 225 ግራም፣ የተገዛ ዱቄት ስኳር 300 ግራም፣ የኮኮዋ ዱቄት 75 ግራም፣ ጥቁር ቸኮሌት 150 ግራም፣ ወተት 120 ሚሊ ሊትር፣ ቫኒላ፣ ቆንጠር ያለ ጨው። ጨውን አትተወው፣ ቸኮሌቱን የሚያወጣው እሱ ነው።

«የተገዛ» ያልኩት ስለዚያ አሸዋ ነው። የቤት መፍጫ ስኳርን ያደቅቀዋል እንጂ አያልመውም። ቅቤ ውስጥ ደግሞ ስኳር የሚሟሟበት በቂ ውኃ ስለሌለ ቅንጣቱ እስከ ምላስህ ድረስ ሳይሟሟ ይመጣል። ምንም ያህል ብትመታው አይለሰልስም። የተገዛውንም ቢሆን በወንፊት ንፋው። ቤትህ ያለው ተራ ስኳር ብቻ ከሆነ፣ ዱቄት ስኳሩን ተወውና ሌላ ነገር ሥራ፤ 300 ግራም የወተት ክሬም አሙቀህ 300 ግራም የተከተፈ ቸኮሌት ላይ አፍስስ፣ አማስለህ እስኪወፍር አቀዝቅዘው። ስኳር ሳትነካ ግሩም የቸኮሌት ክሬም ይወጣልሃል።

ኮኮዋውን በደረቁ አትጣለው። ወተቱን አፍልተህ ኮኮዋው ላይ አፍስስና ወፍራም ሙክ እስኪሆን አማስለው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘው። ሙቅ ፈሳሽ ሲያገኘው ጣዕሙ ይከፈታል። ልዩነቱን አንዴ ከቀመስከው በደረቁ መጨመር ያስጠላሃል። በአልካሊ (አሲድነቱን በሚያለዝብ ነገር) የታከመው ጠቆር ያለ ኮኮዋም ሆነ ተራው እዚህ ይሠራል፣ ክሬም ውስጥ የሚነፋ ነገር ስለሌለ።

ቸኮሌቱን ከታች ውኃ በሚንተከተክበት ድስት ላይ በተቀመጠ ሳህን አቅልጠው፣ ሳህኑ ውኃውን አይንካ። የውኃ ጠብታም ሆነ እርጥብ ማንኪያ አይድረስበት። ጥቂት ጠብታ ስኳሩንና ኮኮዋውን ያጣብቅና ቸኮሌቱ በአንዴ ደርቆ ይጓጉላል። ከሆነብህ በማንኪያ በማንኪያ ሙቅ ወተት ጨምርበት፤ የጓጎለው ጥቂት ውኃ ስለነካው ነው፣ በዛ ሲልለት ይለቃል። ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ተወው፣ 30 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን። ቴርሞሜትር ከሌለህ ትንሽ ከንፈርህ ላይ ንካው፤ ሙቀት ካልተሰማህ ደርሷል። ሙቁን ቅቤ ላይ ካፈሰስክ ያው ተንሸራታች ክሬም ነው የምታገኘው።

ቅቤውን ብቻውን 3 ደቂቃ ምታ፣ ስኳሩን በሁለት ዙር ጨምር፣ ከዚያ የቀዘቀዘውን የኮኮዋ ሙክ፣ በመጨረሻ ቸኮሌቱን። ሲጨርስ ማንኪያ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። ከላላ ሳህኑን ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጠህ ድገመው። ከጠነከረና ከተቆራረጠ ደግሞ የሳህኑን ጎን በሙቅ ፎጣ ጠቅልለህ ምታው። ወተት ወይም ስኳር ለመጨመር አትቸኩል፣ ዘጠና ከመቶው ጊዜ የጎደለው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ነው።

የድርቦቹ ላይ ትንሽ ጉብታ ቢኖር በባለ ጥርስ የዳቦ ቢላ አስተካክለው፣ የተቆረጠውን ልጅህ ትብላው። በመካከላቸው 200 ግራም ያህል ክሬም አድርግ። የላይኛውን ድርብ ገልብጠህ አስቀምጠው፣ ለጥ ያለው ሥሩ ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ መላውን በስሱ ቀባው፣ ኬኩ በክሬሙ ውስጥ ቢታይም ግድ የለም፤ ይህ ፍርፋሪውን የሚይዝልህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ 20 ወይም 30 ደቂቃ አቆይተህ ሁለተኛውን ወፍራም ዙር ቀባ።

የማግስቱ እንጨት ነገር ቀረ። ኬኩ ደረቀ ብለህ ነበር፣ ግን ምናልባት ገና እርጥብ ነበር። ሁለት ነገር ሆኗል። ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ ጠንክሯል፣ ምላስህ ያንን ድርቀት ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለተኛ፣ የበሰለ ስታርች መልሶ የሚጠነክረው በፍሪጅ ሙቀት ላይ ሲሆን በፍጥነት ነው፤ ዳቦም እንደዚያ ነው የሚሆነው። ይሄ ክሬም ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆይልሃል፤ ያለ ስኳር የሠራኸው የወተት ክሬምና የቸኮሌቱ ዓይነት ግን ፍሪጅ ያስፈልገዋል። ክፍሉ በጣም የሚሞቅ ከሆነና ፍሪጅ ግድ ካለህ፣ ከመብላትህ ሁለት ሰዓት በፊት አውጣው። ለሳምንታት ማቆየት ከፈለግክ ፍሪጁን ዝለልና ቁራሽ ቁራሹን ጠቅልለህ በረዶ የሚሠራው ክፍል (ፍሪዘር) ውስጥ አስገባው፣ በረዶ ሲሆን የስታርቹ መጠንከር ይቆማል።

ሌላ ጊዜ ከመጋገርህ በፊት ኦቨኑን ባዶውን 170 ላይ አድርገህ፣ ቴርሞሜትሩን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅለህ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ስንት እንደሚያሳይ ጻፍልኝ። ከዚያ የመጋገሪያውን ሰዓት በእሱ ልክ አብረን እናስተካክለዋለን።